ሁለት ጊዜ የተመለሰው ኬንቶ ሞሞታ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ጃፓናዊ የባድሜንተን ተጫዋች ነው። ስሙ ኬንቶ ሞሞታ ነው። ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በአንድ ዓመት ውስጥ 11 ዓለም አቀፍ ዋንጫ አንሥቷል። ለሦስት ዓመት ያህል ከዓለም አንደኛነት አልወረደም። የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ግን የለውም፤ ነሐስ እንኳ የለውም። አንዱ ኦሊምፒክ በራሱ ጥፋት አመለጠው። ሌላው የመጣው እሱ ባላጠፋው ነገር ተጎድቶ ሳለ ነበር።

ስለ ሞሞታ የሚነገረው አብዛኛው ታሪክ የዕድለቢስነት ታሪክ ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የዚህን ልጅ የስፖርት ሕይወት በቅርብ የተመለከተ ሰው ከዕድል ይልቅ ሰዎችን ያያል፤ በ12 ዓመቱ የተቀበሉትን፣ ከተማቸው ባዶ ሲሆን ሥልጠናውን ያላቋረጡትን፣ ሲያጠፋ ቀጥተውት ያልጣሉትን። ወጣት በሚያሳድጉ ሰዎች ፊት ይህን ርዕስ ያነሣሁትም ለዚህ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

ብዙዎቻችን ባድሜንተንን የምናውቀው ልጆች በግቢ ውስጥ ሲጫወቱት ነው። ስለዚህ ስለ ጨዋታው ጥቂት ማስረዳት ይኖርብኛል፤ አለዚያ የሞሞታ ጥበብ የቱ ላይ እንደሆነ አይታይም። የነጠላ ጨዋታ ሜዳ ርዝመቱ 13.40 ሜትር፣ ስፋቱ 5.18 ሜትር ነው። መረቡ መሐሉ ላይ ከመሬት 1.524 ሜትር ከፍ ይላል። የምትመታው ነገር ቡሽ ላይ 16 ላባ የተተከለባት፣ ክብደቷ 5 ግራም ገደማ የሆነች ትንሽ ዕቃ ናት። ታላላቆቹ ተጫዋቾች በሙሉ ኃይላቸው ስማሽ ሲያደርጓት፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች ሲመቷት፣ ከራኬቱ በምትነሣበት ቅጽበት ፍጥነቷ በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ነገር ግን ላባው አየሩን ስለሚይዝ ወዲያው ትዳከማለች። ተቀባዩ ዘንድ ስትደርስ አብዛኛው ፍጥነት ጠፍቷል። በአዳራሹ የአየር ማቀዝቀዣ የሚነሣ ስስ ነፋስ እንኳ ከመስመር ሊያወጣት ይችላል። ጌሙ እስከ 21 ነጥብ ይሄዳል፤ ከሦስት ጌም ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል። እንዲህ ባለ ጨዋታ ውስጥ ጉልበት ብቻውን ሩቅ አያደርስም።

ሞሞታ ግራኝ ነው። 1.94 ሜትር እንደሚረዝመው እንደ ዴንማርኩ ቪክቶር አክሰልሰን ቁመት አልተሰጠውም። በስማሹም የሚፈራ ተጫዋች አልነበረም። የሚፈራው መረቡ ሥር ሲደርስ ነበር። እዚያ ራኬቱን ዘርግቶ ይጠብቃል። ላባዋ እየወረደች ነው፣ እሱ ግን አይመታም። ተጋጣሚው የግድ ወደ አንድ ወገን ማሰብ አለበት፤ ወደ ፊት ከተራመደ ሞሞታ ላባዋን አሻግሮ የኋላ መስመር ላይ ይጥልበታል። ወደ ኋላ ካፈገፈገ መረቡን አስታክኮ በእርጋታ ያሾልካታል፤ ላባዋም እየተገለባበጠች ስለምትወርድ ለመምታት አትመችም። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንጓው ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ስማሽ ሲመጣበትም አይደነግጥም፤ ኃይሉን አብርዶ አጭር አድርጎ ይመልሰዋል፣ መቺውም እንደገና ወደ ፊት ለመሮጥ ይገደዳል። ሠላሳ፣ አርባ ምት ቢቀባበሉ የሚቸኩለው ሌላው ነው። ትዕግሥት በስፖርት ውስጥ የጠባይ ጉዳይ ብቻ ይመስለን ይሆናል። በሞሞታ እጅ ግን ትዕግሥት በየቀኑ የሚለማመዱት የእጅ ሥራ ነበር።

ይህን የእጅ ሥራ የት ተማረው? የተወለደው መስከረም 1 ቀን 1994 ሺኮኩ በምትባለው ደሴት፣ በካጋዋ አውራጃ ነው። ራኬት የያዘው ታላቅ እኅቱን ተከትሎ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ ከአገሩ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በ12 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ፉኩሺማ አውራጃ ውስጥ ወዳለችው ቶሚዮካ ሄደ።

ቶሚዮካ 16,000 ያህል ሕዝብ የነበራት የባሕር ዳር ከተማ ናት። በሁለት ነገር ትታወቅ ነበር፤ በኑክሌር ኃይል ማመንጫ ጎረቤትነቷና በባድሜንተን። መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱና ሁለተኛ ደረጃው ተያይዘው፣ ልጆችን ለስድስት ዓመት በአንድ ሥርዓት የሚያሠለጥኑበት ፕሮግራም ነበራት። ልጆቹ እዚያው ያድራሉ፣ ይማራሉ፣ ይሠለጥናሉ። አሠልጣኝ ከኢንዶኔዥያ ድረስ አስመጥተዋል። ልብ በሉ፤ ይህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አንዲት ትንሽ ከተማ የሰው ልጆችን ተቀብላ፣ ከየአውራጃው የመጡትን እንደ ራሷ ልጆች ታሳድግ ነበር።

መጋቢት 11 ቀን 2011 ያ ሁሉ ተቋረጠ። መጠኑ 9 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚው የፉኩሺማ ዳይኢቺን የኑክሌር ማመንጫ ሰበረው። ማግስቱን የቶሚዮካ ሕዝብ በሙሉ ከተማውን ለቅቆ እንዲወጣ ታዘዘ። ሞሞታ ያን ቀን ለሥልጠና ኢንዶኔዥያ ነበር። ያደረበት ቤት፣ የሚሮጥበት መንገድ፣ የተለማመደበት አዳራሽ፣ ሁሉም ሰው የማይገባበት ቀጠና ውስጥ ቀረ። ለአብዛኛው የከተማዋ ክፍል እገዳው የተነሣው በ2017 ሚያዝያ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ማለት ነው።

መምህራኑ ያደረጉት ነገር እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ሰዉ ለመኖሪያ በተጨነቀበት በዚያ ወቅት ልጆቹን ሰብስበው ወደ ተራራማው ኢናዋሺሮ ወሰዷቸው፤ በእንግድነት እየኖሩ ሥልጠናውን ቀጠሉ። በሚቀጥለው ዓመት በቺባ በተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ሞሞታ በነጠላ አሸነፈ። በዚያ ውድድር የወንዶችን ነጠላ የወሰደ የመጀመሪያው ጃፓናዊ እሱ ነበር። የቶሚዮካ ፍሬ ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። በቶኪዮም በፓሪስም ኦሊምፒክ በድብልቅ ጥንድ ነሐስ የወሰዱት ዩታ ዋታናቤና አሪሳ ሂጋሺኖ፣ በ2021 የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት ጥንድ ተጫዋቾች ታኩሮ ሆኪና ዩጎ ኮባያሺም የዚያው ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ከአንድ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ሰው ሲወጣ ተሰጥኦ በአንድ ሰፈር በዝቶ ዘነበ ማለት አይቻልም። አንድ ሰው ተቀምጦ አስቦበታል፣ ሌሎችም ደክመውበታል።

በአገር ደረጃም እንዲሁ ነው። ጃፓን ከ2004 ወዲህ ብሔራዊ ቡድኗን የሰጠችው ለደቡብ ኮሪያዊው ፓርክ ጁ-ቦንግ ነበር፤ በ1992 ባርሴሎና ባድሜንተን ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሲሰጥበት በጥንድ ወርቅ ያገኘው ሰው ነው። የውጭ አሠልጣኝ ለመቅጠር አላፈሩም። በ2014 ኒው ዴልሂ ላይ ጃፓን ማሌዢያን 3 ለ 2 አሸንፋ የቶማስን ዋንጫ፣ ማለትም የወንዶችን የዓለም የቡድን ሻምፒዮና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች። የ19 ዓመቱ ሞሞታ በፍጻሜው ከተጋጣሚው ነጥብ ከወሰዱት አንዱ ነበር። በ2015 የሲንጋፖርንና የኢንዶኔዥያን ውድድሮች አሸነፈ፤ በዓመቱ መጨረሻም ዱባይ ላይ የዓመቱ ምርጦች በሚገናኙበት ውድድር ዋንጫውን ወሰደ። በ2016 ሚያዝያ የዓለም ሁለተኛ ነበር። ሪዮ ኦሊምፒክ ሊጀመር አራት ወር ቀርቶታል።

በዚያው ሚያዝያ ሞሞታ ቶኪዮ ውስጥ በሕገወጥ ካዚኖ ቁማር ሲጫወት እንደነበረ ተሰማ። ጃፓን ውስጥ ይህ በሕግ የተከለከለ ነው። አብሮት የተነሣው ስም የኬኒቺ ታጎ ነው፤ በአምስት ዓመት የሚበልጠው፣ እንደ ሞሞታ ሁሉ በኤንቲቲ ኢስት ኩባንያ ቡድን የሚጫወት፣ የአገሪቱ ቁንጮ የነበረ ሰው። ሁለቱ በጋዜጠኞች ፊት ጥቁር ሱፍ ለብሰው ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ታጎ ብዙ ጊዜ የተመላለሰበትና ብዙ ገንዘብ ያጠፋበት ነበር፤ የሞሞታ ጥቂት ጊዜ ነው። ታጎ በዚያ መድረክ ላይ እያለቀሰ ለታናሹ ዕድል እንዲሰጠው ለመነ።

ፌዴሬሽኑ ሞሞታን ላልተወሰነ ጊዜ አገደው። ሪዮ ቀረ። ኩባንያው ታጎን አሰናበተ፤ ሞሞታን ለአንድ ወር ከሥራ አግዶ በሠራተኝነቱ አቆየው። የሁለቱ ቅጣት ልክ መለያየቱ ፍትሐዊ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የጥፋታቸው መጠን የተለያየ ስለነበረ ነበር እላለሁ። ግን ለታጎ ልቤ ያዝናል። ከጀርባው የሚገፋውን ልጅ ወደ ጥፋት ቦታ የወሰደ ታላቅ፣ በመጨረሻ ያን ልጅ ለማዳን ራሱን ያዋረደ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ሞሞታ ቅጣት ግን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። እገዳው ትክክል ነበር። ኦሊምፒክ ደረሰ፣ ሜዳሊያ ሊያመጣ ይችላል ብለው አላለፉትም፤ አራት ዓመት የጠበቁትን ነገር ከልጁም ከራሳቸውም ላይ ወሰዱ። በዚያው ልክ ግን በሩን አልዘጉበትም። ደመወዙ፣ አዳራሹ፣ አሠልጣኞቹ ነበሩ። ብዙ ቦታ የምናየው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው። ጥሩ ተጫዋች ከሆነ ጥፋቱ ይሸፈናል፤ ወይም አንዴ ስሙ ከተበላሸ ማንም አያውቀውም። አሠልጣኞች ሆይ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ከባድ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን አድርገውታል።

ሞሞታ በእገዳው ዓመት ምን አደረገ? ሮጠ። ከዚያ በፊት ሩጫ የማይወድ ልጅ ነበር፤ በእጁ ጥበብ ተማምኖ ይኖር ነበር፣ ፀጉሩን ቀለም እየቀባ የባድሜንተን ተጫዋችም እንደ ሀብታም መኖር እንደሚችል ማሳየት ይወድ ነበር። ያን ዓመት ሰውነቱን ከመሠረቱ ገነባ። እገዳው በ2017 ግንቦት ተነሣለት። በተመለሰበት የአገር ውስጥ ውድድር አሸንፎ ሜዳው ላይ አለቀሰ። በዓለም ደረጃ ግን ስሙ ከዝርዝሩ ግርጌ ወርዶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሐምሌ 282ኛ ነበር።

እስቲ አስቡት። የዓለም ሁለተኛ የነበረ ሰው ታላላቆቹ ውድድሮች ስለማይቀበሉት ቤልጂየም፣ ቼክ፣ ኔዘርላንድስ፣ ማካው እየሄደ፣ ተመልካች ባልሞላባቸው አዳራሾች ነጥብ ሲለቅም ከረመ። በየትኛውም ቦታ እንደ ተበደለ ሰው አልተጫወተም። በሚያዝያ 2018 በእስያ ሻምፒዮና ማሌዢያዊውን ሊ ቾንግ ዌይን በግማሽ ፍጻሜ፣ የሪዮውን ባለወርቅ ቼን ሎንግን በፍጻሜ አሸነፈ። ነሐሴ ላይ ናንጂንግ፣ በቻይናውያን ፊት ቻይናዊውን ሺ ዩቺን 21 ለ 11፣ 21 ለ 13 ረትቶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በወንዶች ነጠላ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ነው። መስከረም ላይ የዓለም አንደኛ ሆነ። ከ282ኛ ወደ አንደኛ፣ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር።

ስለ 2019 ብዙ አልናገርም፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይበቃሉ። 73 ጨዋታ ተጫውቶ 67ቱን አሸነፈ። ከ11ዱ ዋንጫዎች መካከል የእንግሊዙ ኦል ኢንግላንድ፣ የእስያ ሻምፒዮናና በባዝል ሁለተኛው የዓለም ሻምፒዮና አሉበት። ባዝል ላይ ዴንማርካዊውን አንደርስ አንቶንሰንን በፍጻሜ ሁለተኛው ጌም 21 ለ 3 ነበር ያሸነፈው። በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ሦስት ነጥብ! ወደዚያ ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ፣ በቻይናዋ ጓንጁ ወደተደረገው ፍጻሜ፣ በኋላ እመለሳለሁ።

ጥር 12 ቀን 2020 ኩዋላ ሉምፑር ላይ አክሰልሰንን አሸንፎ የማሌዢያ ማስተርስን ወሰደ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና ከፊቱ ይሄድ ከነበረ ከባድ ጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ሹፌሩ ሕይወቱ አለፈ። ከሞሞታ ጋር የነበሩት ሌሎች ሦስት ሰዎችም ተጎዱ። ስለዚህ አደጋ ስናወራ ሁሌም በአንድ ተጫዋች ሙያ ላይ ስለደረሰው ጉዳት ነው የምናወራው፤ ያ ሠራተኛ ከሌሊቱ ተነሥቶ እንግዶችን ለማድረስ እንደወጣ ቀርቷል። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ሞሞታ አፍንጫው ተሰብሮ፣ ፊቱ ተቆራርጦ ወደ አገሩ ተመለሰ። መጀመሪያ የዳነ መስሎ ነበር። የካቲት ላይ ልምምድ ሲጀምር ግን ላባዋ ሁለት ሆና ታየችው። ሲመረመር በቀኝ ዓይኑ ዙሪያ ያለው አጥንት ተሰብሮ ተገኘ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ጥበቡ በሙሉ ላባዋን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት በማየት ላይ ለቆመ ሰው ከዚህ የከፋ ጉዳት የት ይገኛል? ኦሊምፒኩ በወረርሽኙ ምክንያት በአንድ ዓመት ሲራዘም ለእሱ የተሰጠ ጊዜ ይመስል ነበር። በታኅሣሥ 2020 የጃፓን ሻምፒዮናን አሸንፎ ተመለሰ። ጥር ላይ ወደ ታይላንድ ሊሄድ ናሪታ ሲደርስ ኮሮና ተገኘበት፤ ቡድኑም በሙሉ ከጉዞው ቀረ። የደረጃ ሰንጠረዡ በወረርሽኙ ወቅት ታግዶ ስለነበር በወረቀት ላይ አሁንም የዓለም አንደኛ ነበር። ሰውነቱ ግን እንደዚያ አልነበረም፤ ይህንንም ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

የቶኪዮ ኦሊምፒክን የመጀመሪያ ሳምንት እኛ ኢትዮጵያውያን የምናስታውሰው በሰለሞን ባረጋ ነው፤ ሐምሌ 30 ቀን 2021 ቶኪዮ ላይ የ10,000 ሜትርን ወርቅ አመጣልን። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ እዚያው ቶኪዮ ውስጥ፣ ተመልካች በሌለበት አዳራሽ ሞሞታ ገና ከምድቡ ሳያልፍ በደቡብ ኮሪያዊው ሄዮ ኳንግ-ሂ 21 ለ 15፣ 21 ለ 19 ተሸነፈ። ሄዮ በዓለም 38ኛ ነበር። በራሱ አገር፣ ለዓመታት በጠበቀው ኦሊምፒክ፣ ሁለተኛው ጨዋታው የመጨረሻው ሆነ።

ሁለተኛው መመለሱ እንደ መጀመሪያው አልሆነም ብለን ዝም ማለት የለብንም። ከዚያ በኋላም አሸንፏል፤ በኅዳር 2021 ባሊ ላይ፣ በ2023 ደግሞ በኮሪያ ማስተርስ። ነገር ግን ደረጃው እየወረደ ሄደ። ሰው በፈቃዱና በሥራው የሚያስተካክለው ውድቀት አለ፤ የቁማሩ ውድቀት እንደዚያ ያለ ነበር። ከአደጋ የሚመጣ ጉዳት ግን በፈቃድ ብዛት አይድንም። ወጣቶቻችንን "ከጣራችሁ ሁሉን ትመልሳላችሁ" ስንል ይህን ሁለተኛውን ዓይነት እየረሳን እንዳናሳዝናቸው እፈራለሁ። ሞሞታ በሚያዝያ 2024፣ በ29 ዓመቱ፣ ከብሔራዊ ቡድን መሰናበቱን ሲያስታውቅ ከአደጋው ወዲህ አካሉና መንፈሱ አንድ ላይ አልሄድ እንዳሉት፣ የዓለም አንደኛነትን እንደገና ለማለም እንደማይችል በቀጥታ ተናገረ። በቼንግዱ በቶማስ ዋንጫ የአገሩን ማሊያ ለመጨረሻ ጊዜ ለበሰ። ለኤንቲቲ ኢስት መጫወቱን ግን አላቆመም፤ ያን ጊዜ ያልጣለው ኩባንያ ነው።

አሁን መብራቱን ቀነስ አድርገን የጓንጁውን ፍጻሜ ሦስተኛ ጌም አብረን እንመለከታለን። ታኅሣሥ 2019 ነው፤ ተጋጣሚው ኢንዶኔዥያዊው አንቶኒ ጊንቲንግ፣ በፍጥነቱ ወደር የማይገኝለት። የመጀመሪያውን ጌም ጊንቲንግ 21 ለ 17፣ ሁለተኛውን ሞሞታ በዚያው ውጤት ወስደዋል። ፊልሙ ሲጀምር ሞሞታ 12 ለ 5 እየተመራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጊንቲንግ የሚያገኘው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። ዓይናችሁ ላባዋን እንዳይከተል፤ መረቡ ሥር ሲደርስ ግራ አንጓውን ተመልከቱ፣ ምን ያህል እንደሚያቆየው። እናንተ አሠልጣኞች ደግሞ ጊንቲንግ ከስንተኛው ምት ጀምሮ እንደሚቸኩል ቁጠሩልኝ። ከፊልሙ በኋላ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።